የገዛ ልክ

«ልክህን ዕወቅ» የሚለው አነጋገር ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል የሽማግሌ ምክር ነው፤ ሰው አቅሙን መርምሮ፣ ከአቅሙ ጋር ተስማምቶ እንዲኖር ያሳስባል። በሌላ በኩል የበላይ ነኝ ባይ በበታቹ ላይ የሚሰነዝረው ቁጣ ነው፤ «ከተሰመረልህ መስመር አትለፍ» ማለት ነው። በመጀመሪያው አገባብ ልኩን የሚያውቀው ባለቤቱ ሲሆን በሁለተኛው ግን ልክን የሚቆርጥለት ሌላ ነው። ታዲያ የሰው ልክ የማን ነው? ከተፈጥሮ የተሰጠ ነው፣ በሌሎች የተጫነ ነው፣ ወይስ በጥረት የሚገኝ? ጥያቄው የፈላስፎች ብቻ ቢመስልም ማለዳ ተነሥቶ ሶምሶማ የሚሮጥ ሰው ሁሉ በእግሩ ይጠይቀዋል፤ በትንፋሹም ይመልሰዋል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። አየሯ ስስ ነው፤ ሯጭ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በቆላ ከሚያገኘው ያንሳል። ለብዙ ዓመታት የሯጮች መለማመጃ ሆነው በኖሩት በመስቀል አደባባይ እርከኖች ላይ አንዲት መምህርት ከሥራ በፊት ትሮጣለች እንበል። እርምጃዋ የተመጠነ፣ ትንፋሿም የረጋ ነው። ድንገት አንድ ጎረምሳ ሽው ብሎ ያልፋታል። መምህርቷ ሳታስበው እርምጃዋን ታፈጥናለች። ሁለት እርከን ሳትጨርስ ግን ጡንቻዋ የሚጠይቀውን ልብና ሳንባዋ ማቅረብ ይሳናቸውና ወገቧን ይዛ ትቆማለች። ምን አሸነፋት? ጎረምሳው ከእርሷ ጋር አልተወዳደረም፤ መኖሯንም አላስተዋለ ይሆናል። ያሸነፋት የሰው ዓይን ነው። በገዛ እግሯ የሌላውን ሩጫ ሮጠች።

የገዛ ልክን ለማግኘት ሯጮች የሚጠቀሙበት አንድ ቀላል መመዘኛ አለ፤ ይኸውም ንግግር ነው። እየሮጠ ለባልንጀራው አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ ለመናገር የቻለ ሰው በልኩ እየሮጠ ነው፤ በየቃሉ መካከል የሚያለከልክ ግን ከልኩ አልፏል። የእጅ ሰዓት ፍጥነትን ይለካል እንጂ ድካምን አያውቅም። በሜዳ ላይ ቀላል የነበረው ፍጥነት ሽቅብ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ሌላ ነው፤ እንቅልፍ ላጣ ወይም ከሕመም ላገገመ ሰውም እንዲሁ ሌላ ነው። እንግዲህ ልክ ማለት አንድ ቁጥር አይደለም፤ በየዕለቱ እንደ አዲስ የሚፈለግ ነው። የሚያስገርመውም፣ የራስ የሆነውን ልክ የሚያሳውቀው ከሌላ ሰው ጋር የሚደረግ ጭውውት መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ «ልኬን አግኝቻለሁ» ብሎ መተኛትም አለ። ሰውነት ለሚጫንበት ሥራ ምላሽ ይሰጣል፤ ሥራው ካልተለወጠ እርሱም ባለበት ይረጋል። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌ ዝግታን ለማወደስ ይጠቀሳል፤ ነገር ግን ዕንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ቅርፊቱን ሰብሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ዮስታ ሆልመር ያፈለቀው ልምምድ «ፋርትሌክ» ይባላል፤ ፍችውም «የፍጥነት ጨዋታ» ነው። ሯጩ እስከዚያች ዛፍ ይፈጥናል፣ ከዚያ ወዲያ በሶምሶማ ያርፋል፣ ዳገቱንም እንደ ጉልበቱ ይወጣዋል። ጨዋታ መባሉ ያለ ነገር አይደለም፤ የሚጫወት ሰው ከልኩ የሚወጣው ወዶ ነው፤ የሚመለስበትንም ያውቃል።

ይህንን ጥበብ ለዓለም ያሳየው ምሩፅ ይፍጠር ነው። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ምሩፅ፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ እየተፈራረቁ ሩጫውን ከፍ ዝቅ አደረጉት። ባለፉት ሁለት ኦሊምፒኮች በዚህ ርቀት ያሸነፈው ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን በመጨረሻ ወደ ኋላ ቀረ። 300 ሜትር ያህል ሲቀር ምሩፅ ተፈተለከና በ27 ደቂቃ ከ42.7 ሴኮንድ የወርቅ ሜዳልያውን ወሰደ፤ የ5,000 ሜትሩንም ደገመ። «ማርሽ ቀያሪው» የተባለው ያለ ምክንያት አልነበረም።

መምህርቷም ፍጥነቷን ለወጠች፤ ምሩፅም ለወጠ። ልዩነቱ ታዲያ የጉልበት ብቻ ነውን? አይደለም። ምሩፅም ቢሆን ሌሎቹን ይመለከት ነበር፤ የጓዶቹን ርዳታ፣ የተወዳዳሪዎቹን ድካም እየመዘነ ነበር የሮጠው። ነገር ግን ያየውን ለውሳኔ አዋለው እንጂ ለኀፍረት አልተንበረከከለትም። የሌላው እርምጃ ለአንዱ ዕውቀት፣ ለሌላው አለንጋ ይሆናል። ነፃነት ከሰው መካከል መውጣት አይደለም፤ በሰው መካከል ሆኖ ማርሹን በገዛ እጅ መያዝ ነው።

ይህ ከሩጫ ሜዳ ውጭም የሚሠራ ነው። ቀስ ብሎ የሚያነበውን ሕፃን «ልክህን ዕወቅ» ብሎ ከኋላ ወንበር የሚያስቀምጥ አስተማሪ፣ ወይም በሌላው ጭብጨባ ተደናግጦ ያልበሰለ ድርሰቱን ወደ መድረክ የሚያጣድፍ ደራሲ ያንኑ ስሕተት ይሠራሉ። አንደኛው ለሌላው ልክ ይቆርጣል፤ ሁለተኛው የተቆረጠለትን ይለብሳል። ለሕፃኑም ለደራሲውም የሚገባው ምክር አንድ ነው፦ ልክህን ራስህ ፈልግ፤ ካገኘኸውም በኋላ ደጋግመህ ፈትነው። መምህርቷም በማግስቱ ጎረምሳው ሲያልፋት ከጓደኛዋ ጋር የጀመረችውን ወሬ ሳታቋርጥ ከጨረሰች፣ ከዚያም ደስ ባላት ጊዜ እስከ እርከኑ ጫፍ ከፈጠነች፣ ትምህርቱ ገብቷታል ማለት ነው።