ቴምብሩና መስኮቱ

ልጄ፣ ባለፈው ማክሰኝት መናኸሪያ ተቀምጠህ አየሁህ። ዲግሪህን በፕላስቲክ ማህደር ይዘሃል። አንዱ ረዳት «ጎንደር! ጎንደር!» ይላል፤ ሌላው «ባሕር ዳር!» ይላል። አንተ ግን በአንዱም አልተሳፈርክም።

ምን እንደያዘህ አውቃለሁ። የተማርከው እርሻ ነው፤ ልብህም ያለው ከሽምብራ ማሳው ከገበሬው ጋር ነው። ጎንደር ላይ ለጀማሪ ባለሙያ የሚከፈለው ደመወዝ ግን ከቤት ኪራይና ከቀለብ አያልፍም። ባሕር ዳር ያለው አጎትህ ደግሞ «መደብሩን ያዝልኝ፣ ጥሩ እከፍልሃለሁ» ይልሃል። አባትህ አንተን ለማስተማር በሬ ሸጧል። ታናናሾችህ እጅህን ያያሉ። የወጪ መጋራቱም ዕዳ አለ። ይህን ሁሉ ተሸክመህ «የምወደውን ወይስ የሚያበላኝን?» ብትል አልፈርድብህም። ብቻ ከመወሰንህ በፊት አንድ ታሪክ ስማኝ።

የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ አንኮበር ላይ እ.ኤ.አ. በ1932 ተወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1947፣ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳሉ፣ መንግሥት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ እንግሊዝ ሀገር ላካቸው። ሀገር ከጠላት ወረራ ወጥታ መሐንዲስ የምትሻበት ጊዜ ነበር። የልጁ ዝንባሌ ግን ሥዕል ነበርና ማዕድኑን ትተው ወደ ሥነ ጥበብ ዞሩ።

እዚህ ላይ ቆም በል። ብዙ ወጣት ይህችን ብቻ ሰምቶ «እኔም ልተወውና ወደምወደው ልሂድ» ይላል። እሳቸው ግን ከትምህርት ወደ ትምህርት ነው የሄዱት። ለንደን ውስጥ መጀመሪያ ሴንትራል በተባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በታዋቂው ስሌድ ገብተው ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽና ሥነ ሕንፃ ተማሩ። የወደዱትን ሥራ እንደ ሙያ ቆጥረው ደከሙበት።

ተምረው ሲመለሱ ሹመት ይጠብቃቸው ነበር። በዚያ ዘመን ከውጭ ተምሮ ለመጣ ሰው ወንበርና ደመወዝ ቅርብ ነበር። እሳቸው ግን ወንበሩን ትተው የሀገራቸውን ሕዝብና ባህል ለማወቅ በየጠቅላይ ግዛቱ ዞሩ። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ የተረጋገጠ እንጀራ ነው የተዉት። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ይላል ያገራችን ሰው። ሳሩ ክፉ ነው ማለቱ አይደለም፤ ከሳሩ ማዶ ያለውንም ተመልከት ማለቱ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ አንተን የጨነቀህ እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርእያቸውን አሳዩ። ከዚያ ባገኙት ገንዘብ ምን አደረጉ? ለሁለት ዓመት ወደ አውሮፓ ተመልሰው ተማሩበት። ባለቀለም መስታወት እንዴት እንደሚሠራ አጠኑ፤ በውጭ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡ የጥንት የብራና ሥዕሎቻችንንም መረመሩ። የመጀመሪያው ብር እጃቸው ሲገባ ያዋሉት ለእጃቸው ጥበብ ነበር።

ሲመለሱስ? ትልቁን ሥራ እየጠበቁ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ሥዕልና ሞዛይክ ሠሩ፤ ቴምብር ነደፉ፤ የመጫወቻ ካርታ ሳይቀር ነደፉ። ቴምብር ምን ያህል እንደሆነች ታውቃለህ፤ አውራ ጣትህ ይሸፍናታል። ትርፏም ዝናዋም ትንሽ ነው። ቆይቶ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን፣ የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ትግል የሚያሳየውን የመስታወት መስኮት የሠራው ግን ያው በቴምብር የለመደው እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት በሥነ ጥበብ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበሉትም እሳቸው ናቸው።

እዚህም ላይ ቆም በል። እውነቱን ልንገርህ፤ አንተና እሳቸው እኩል አልተነሣችሁም። እሳቸውን የላከ መንግሥት ነበር፤ አንተን የላከህ የተሸጠ በሬ ነው። ስለዚህ «ደመወዙን እርግፍ አድርገህ ተው» ብልህ የማይራብ ሰው ምክር ይሆንብኛል። ከእሳቸው ልትወስድ የምትችለው ድፍረታቸውን ብቻ አይደለም፤ በሙያቸው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሥራ አለመናቃቸውንም ነው።

እናም ልጄ፣ የአጎትህን መደብር መያዝ ነውር አይደለም። ግን ቀን ቁረጥለት፤ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት በል። ቀን ያልተቆረጠለት «ለጊዜው» ዕድሜ ይበላል። ከምታገኘው ላይ ለቤት የሚላከውን ላክ፣ ዕዳህን ክፈል፤ ጥቂቷን ደግሞ ለሙያህ አስቀምጥ። ወደ ቤት ስትመጣ የአባትህ ጓሮ አለልህ። ችግኝ አፍልተህ ሽጥ። ጎረቤት ሽምብራው ሲደርቅበት ሂድና ሥሩን ነቅለህ እይለት። «ለዚህ ነው ዲግሪ የተማርኩት?» አትበል። ያንተ ቴምብር ይቺ ናት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ብዙ ልጅ ስለ ገንዘቡ ከአባቱ ጋር ሳይነጋገር፣ አባቱ ይጠብቃል ብሎ በገመተው ሸክም ብቻ መንገዱን ይቀይራል። በሬውን የሸጠው አባትህ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ጠይቀኸው ታውቃለህ? ምናልባት ከፈራኸው ያነሰ ይሆናል። ከበለጠም አውቀህ ትሸከመዋለህ። ዛሬ ማታ ቡናው ሲፈላ አጠገቡ ቁጭ በል፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝና ሒሳቡን አብራችሁ አስሉት። ወደ ጎንደር ወይስ ወደ ባሕር ዳር የሚለውን ነገ ጠዋት ትደርስበታለህ።