የአባትህ ቤት ሲዘረፍ፦ የቡና አገር አንድምታ

ንባብ፦ «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ።»

ተረቱ በመላው አገር ይነገራል፤ ትርጓሜው ግን እንደ ሰሚው ነው። ጅማ፣ አጋሮ፣ ሊሙ ወይም ጌራ ላደገ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ 1967 ዓ.ም.ን ያስታውሰዋል፤ የጥብቅ አባት ልጆች ካኪ ለብሰው የአባቶቻቸውን ዓለም ሊያፈርሱ የዘመቱበት ዓመት ነውና። በኋላ ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ተመልሰው ከአባቶቻቸው ጋር በአንድ ገበታ ቀርበዋል። ይህ እንደምን ሆነ ቢሉ፣ ተረቱን ሐረግ በሐረግ ከፍሎ ማየት ይገባል።

የአባትህ ቤት

የአባትህ ቤት አለ፤ ያደግህበትን ሥርዐት ሲል ነው። በቡና አገር ጥብቅ ቤት የሚባለው ጾም የማይሻርበት ወይም ሶላት የማይታለፍበት፣ ልጅ እንግዳ አስታጥቦ ጥግ ይዞ የሚቆምበት፣ አባት ሲገባ ወሬ የሚቋረጥበት፣ ሴት ልጅ ከመሸ ደጅ የማትታይበት ቤት ነው። ቄስ ትምህርት ቤት የዋለውንም ቁርአን ቤት የዋለውንም ማታ የሚጠብቃቸው አንድ ዐይነት ቁጣ ነው።

አንድም የአባትህ ቤት አለ፤ መሬቱን ሲል ነው። ጅማ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ለምኒልክ እየገበረች የራሷን አስተዳደር ይዛ ቆየች። በ1920ዎቹ ግን የማዕከላዊው መንግሥት ሹማምንት በቀጥታ ገቡ። ቡና ዋጋ ባወጣ ቁጥር መሬቱም ባለቤት በዛበት፤ የአገሬው ባላባት፣ ከሌላ አገር የመጣ ሹም፣ ነጋዴ። ጭሰኛው እሸቱን ለቅሞ፣ አስጥቶ፣ ጀንፈሉን በጆንያ ሲያቀርብ ባለርስቱ ድርሻውን ያነሣል። የልጁ ደብተርና የአውቶቡስ መሳፈሪያ ከዚያ ጆንያ ወጣ።

አንድም የአባትህ ቤት አለ፤ የጭሰኛውም ቤት ነው ሲል ነው። ግድግዳውን ማን መረገው? ቡናውን ማን ለቀመው? ይህን ትርጓሜ የባለርስት ልጅ ከአባቱ አልሰማውም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ «መሬት ለአራሹ» ብለው ከተሰለፉ ወዲህ ግን በየትምህርት ቤቱ ይሰማው ጀመር።

ሐተታ፦ ለሰልፍ የወጣበትን ጫማ የገዛለት ያው ቡና ነው። ልጅ በአባቱ ላይ የተነሣው በአባቱ ስንቅ ነው፤ በጭሰኛው ላብም ነው።

ሲዘረፍ

ሲዘረፍ አለ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.ን ሲል ነው። አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ ከለከለ፤ ጭሰኛው ለባለርስቱ ይከፍል የነበረውን ሁሉ ሻረ። ከዚያ አስቀድሞ በታኅሣሥ ወር በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማርተው ነበርና፣ አዋጁን ለገበሬው ያስረዱትና ማኅበሩን ያደራጁለት እነርሱ ናቸው። በጅማ ነገሩ ከረረ፤ ዘማቾችና ገበሬዎች ባንድ ወገን፣ ባለርስትና ፖሊስ በሌላ ወገን ሆነው ተጋጩ፤ የታሰሩም ዘማቾች ነበሩ። ባለርስቱ «ተዘረፍኩ» አለ። ጭሰኛው «ተመለሰልኝ» አለ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የጻፈ ተርጓሚ ለወገኑ ያደላ ነው።

አንድም ሲዘረፍ አለ፤ ክብሩን ሲል ነው። የቡና አገር አባት በልጁ ፊት ድምፅ ከፍ ተደርጎበት አያውቅም። ልጁ በተሰበሰበ ሰው መካከል ተነሥቶ «አድኃሪ» ሲለው ግን ቃሉን የሰማው ጎረቤት ነው፣ የትናንት ጭሰኛ ነው፣ ሚስቱ ናት። ከመሬቱ ይልቅ ይህን እየቆጨው የሞተ አባት አለ።

አንድም ሲዘረፍ አለ፤ ልጁን ራሱን ሲል ነው። 1969 እና 1970 ዓ.ም. የቀይ ሽብር ዘመን ነው። ከዘማቾቹ ብዙዎቹ በየፖለቲካ ድርጅቱ ገብተው ነበርና ይታደኑ ጀመር። ትናንት አድኃሪ የተባለው አባት ልጁን በጎተራ፣ በቡና ጫካ፣ በዘመድ ቤት ደበቀ። መደበቅ ያልቻለው ደግሞ የልጁን ሞት ሰምቶ እንዳያለቅስ ተከለከለ። ከዘራፊዎቹ ወገን ነህ ብሎ በሩን መዝጋት ይችል ነበር፤ በርካታ አባት ግን አልዘጋም። ዕርቅ የተጀመረው ማንም ዕርቅ ሳይለው እዚህ ላይ ነው።

አብረህ ዝረፍ

አብረህ ዝረፍ አለ፤ መውደሙ ካልቀረ ድርሻህን አንሣ ሲል ነው። ይህ የገበያ ትርጓሜ ነው። በአዋጁ ማግስት ሹመት ይዞ ከአባቱ ጎተራ ለራሱ ያስቀረ ልጅ ነበር፤ እንዲህ ያለውን አባቱም ጭሰኛውም አላመኑትም።

አንድም መካሪው ሲያሾፍ ነው። ዝረፍ ማለቱ «ከዘራፊ የማትሻል ከሆነ ምን ቀረህ?» ማለቱ ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ ዘመድ ከባዳ ቀድሞ እጁን ሲሰድ ያየ ሽማግሌ ተናገረው።

አንድም ዝረፍ አለ፤ አውጥተህ አትርፍ ሲል ነው። ምሳሌ፦ በ1963 ዓ.ም. የቡናን ፍሬ በእንጭጩ እያጠቆረ የሚያረግፍ በሽታ፣ ሲቢዲ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ጅማ አጠገብ መልኮ ያለው የምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች መፍትሔውን እዚያው በሽታው በገባበት ማሳና ጫካ ፈለጉት፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሲጠቁር ፍሬውን ያልጣለ ግንድ እየመረጡ ዘር ወሰዱ። 741፣ 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች እንዲህ የተገኙ ናቸው። ከቁጥሩ ፊት ያለው 74 የተመረጡበትን የፈረንጆች 1974 ያመለክታል፤ አብዮቱ የፈነዳበትን ዓመት። አንዱ ልጅ አሮጌው ሁሉ ይነቀል በሚልበት ወራት ሌላው በአሮጌው ጫካ ጤነኛ ግንድ ይፈልግ ነበር። ከጥብቅ ቤት የወጣ ሰውም ዕርቅ ሲያስብ ይህ ሥራ ይጠብቀዋል፤ ሁሉን አይቀበልም፣ ሁሉን አይነቅልም፣ ዘር የሚሆነውን ይለያል።

አንድም ዝረፍ አለ፤ ሳታውቀው ወስደሃልና እመን ሲል ነው። በ1936 ዓ.ም. ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ምህንድስና እንዲማር ወደ ዌልስ ተልኮ ሙዚቀኛ ሆነ። ለንደንና ቦስተን ተምሮ ኢትዮ ጃዝ የተባለውን ሲሠራ መሠረት ያደረገው ግን የአገር ቤቱን ቅኝት ነው። ቤተሰብ ካሰበለት መንገድ ቢወጣም ባዶ እጁን አልወጣም።

ታሪክ፦ አያቴ ጎማ ላይ የቡና መሬት ነበራቸው። ጆንያ ተሰፍቶ ሲያልቅ ስማቸውንና «ጅማ» የሚለውን በቀለም የሚጽፉበት ራሳቸው ነበሩ፤ የ«ማ» እግር ረዝማ ወደ ግራ ትታጠፍ ነበር። አጎቴ ፊደል የለየው በእነዚያ ጆንያዎች ላይ ነው። የዘመተው ሌላ አውራጃ ነበር፤ የአያቴን መሬት ያካፈለው የሌላ ሰው ልጅ ነው። ዘመቻውን ጥሎ ሲመለስ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ የአያቴ የቀድሞ ጭሰኛ፣ የሚጽፍ ሰው ቸግሮት መዝገቡን ሰጠው። አባላት ተሰልፈው ይመዘገባሉ። የአያቴ ተራ ደረሰ።

«ስም?» አለ አጎቴ ቀና ሳይል።

«ስሜን አንተ ታውቀዋለህ» አሉት።

ጻፈ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አልተነጋገሩም። አጎቴ ከቀይ ሽብር ተርፎ በአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጸሐፊ ሆነ። በሰባዎቹ አጋማሽ አያቴ ቡናቸውን አስረክበው የተሰጣቸውን ደረሰኝ ቤት ይዘው መጡና ወደ ዐይናቸው አስጠግተው ሲያዩት ቆዩ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ማዋ የእኔ ናት።» ዝም አሉና፣ «ከቤቴ የወሰድከው ይህን ብቻ ነው?» አሉት።

«ሌላም አለ፣ አባባ።»

«እንግዲያው ቁጭ በልና ቁጠርልኝ።»

ቆጠረላቸው። ፊደሉን፣ ማለዳ መነሣቱን፣ ቃል ከሰጡ አለማጠፍን። በየስብሰባው ጓዶቹን ይገሥጽበት የነበረው ቃና የአባቱ ቃና እንደነበርም ያን ቀን ተናገረ። አያቴ ደግሞ በተራቸው ሊቀ መንበሩን በስሙ ጠርተው በየዓመቱ ስንት ጆንያ እንዳስገባላቸው፣ አንድ ክረምትም ልጁ ታሞበት ብድር ሲለምናቸው እንደከለከሉት አወጡት። ይቅርታ የሚል ቃል ከሁለቱም አልወጣም።

ሐተታ፦ ይቅር ሳይባባሉ እንደምን ታረቁ ቢሉ፣ በመቁጠር ታረቁ። «ያለፈው ይለፍ» ብለው ቢሆን ኖሮ ልጁ የወሰደው እንደ ተሰረቀ፣ አባትየው በጭሰኛው ላይ ያደረጉትም እንዳልነበረ ሆኖ ይቀር ነበር።

አንድም ተናጋሪው ባዳ መካሪ አይደለም፤ አባት ራሱ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ታናሹ ልጅ ድርሻውን ቢጠይቅ አባትየው በሕይወት ሳለ አካፈለው። ባለቤቱ «ውሰድ» ካለ ዝርፊያው ውርስ ይሆናል። አያቴ «ቁጠርልኝ» ሲሉ ይህንኑ ማለታቸው ነው።

አንድም አብረህ አለ፤ ከማን ጋር ቢሉ ከእኅትህ ጋር ሲል ነው። በዚያው ምዕራፍ ከቤት ያልወጣው ታላቅ ወንድም ተቆጥቶ ደጅ ቆሟል፤ ይግባ ይቅር አልተጻፈም። በቡና አገር ያ ታላቅ ወንድም ብዙ ጊዜ ሴት ናት። አክስቴ አልዘመተችም፣ አልኮበለለችም። ከትምህርት ቤት ያስቀሯት እናቷ ታመው ቤቱ ሰው ስላጣ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለቀማውን፣ ማስጣቱን፣ ሁለቱን ወላጆቿን መጦሩን ተሸከመች። አያቴና አጎቴ በታረቁበት ቀን ቡናውን ያፈላችው እርሷ ናት፤ ምን ተወሰደብሽ ብሎ የጠየቃት ግን የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶችን በውርስ እኩል አድርጓል። የቤቱ ወንዶች ሲታረቁ የቆጠሩት ግን የእርስ በርሳቸውን ብቻ ነው። አንድ ቀን ስለ ዕርቁ ሳነሣባት፣ «እኔ መች ሄድኩና ተመለስሽ እባላለሁ?» አለችኝ።

እንግዲህ ከጥብቅ ቤት ወጥቶ ዕርቅ የሚሻ ሰው ሦስት መዝገብ ይክፈት፤ እርሱ ከአባቱ የወሰደውን፣ አባቱ ከሌላ ሰው የወሰደውን፣ ሁሉም ቤት ከቀረችው እኅት የወሰዱትን። ሁለቱ ተዘግተው ሦስተኛው ካልተከፈተ የታረቁት አባትና ወንድ ልጅ ናቸው፤ ቤቱ ገና አልታረቀም።