ከመምረጣችሁ በፊት

ልጆቼ፣ አያቶቻችን ከጋብቻ በፊት ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ለፈጣሪ ትተው «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይሉ ነበር። የእናንተ ዘመን ከዚህ አልፏል። ከማህፀን ውጭ ከተፀነሰ ሽል በአምስተኛው ቀን ግድም ጥቂት ሕዋሳት ተወስደው ዘረመሉ ይመረመራል። ሽሉ በቅዝቃዜ ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ ወላጆች ውጤቱን በወረቀት አንብበው የትኛው ሽል ወደ ማህፀን እንደሚገባ ይወስናሉ።

ነገሩ በበጎ ነው የተጀመረው። በ1990 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ አለን ሃንዲሳይድና ባልደረቦቹ፣ ወንዶች ልጆችን የሚያጠቃ የዘር በሽታ ላለባቸው ቤተሰቦች ሴት ሽሎችን መርጠው እናቶቹን ለመውለድ አበቋቸው። እናንተም ሁለታችሁ ሲክል ሴል የተባለው የደም በሽታ ተሸካሚ ከሆናችሁ፣ በየእርግዝናው ልጁ በሽተኛ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ሕፃን በዚህ ሕመም ሲሠቃይ ያየ ሰው ምርመራውን አይነቅፍም። ተመርመሩ። ግን በሽታውን ይዞ የተወለደውን የጎረቤት ልጅ መቅረት እንደነበረበት አድርጋችሁ እንዳታዩት።

የምፈራላችሁ ሌላውን ነው። እንግሊዝና ጀርመን መምረጡን በከባድ በሽታ ሲወስኑት፣ አሜሪካ ውስጥ የሚገድበው የፌዴራል ሕግ የለም። ስለዚህ የሽሉን ቁመትና የአእምሮ ብቃት በነጥብ ገምተው የሚሸጡ ኩባንያዎች ተነሥተዋል። እዚያ ያላችሁ ልጆቻችን ገበያው ደጃችሁ ነው። የኢየሩሳሌሙ ሂብሩ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. እንዳሰሉት፣ ከአሥር ሽሎች በነጥብ አንደኛውን መምረጥ በአማካይ የሚጨምረው 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ወይም 2.5 ያህል የአይኪው ነጥብ ብቻ ነው። መረጃው በአብዛኛው ከአውሮፓውያን የተሰበሰበ ስለሆነ ለእኛ ልጆች ግምቱ ከዚህም ይደክማል።

ቢሠራስ? የእኛን ቤት ታውቁታላችሁ። «ይህን ሁሉ ከፍዬ አስተምሬህ!» የሚለው ቁጣ ስንቱን ሳይወድ ሐኪም አድርጎታል። ነገ ደግሞ «ይህን ሁሉ ከፍዬ መርጬህ!» ይመጣል። ያልወደደውን ትምህርት ልጁ ሲያድግ ይተወዋል፤ የተመረጠበትን ምክንያት ግን ወዴት ይጥለዋል? ሒሳብ አልገባ ብሎት ክራር ቢወድ እንደ ጥፋት ይቆጠርበታል።

ስለዚህ ውጤቱ ሳይመጣ ባልና ሚስት ተቀመጡና የምትፈሩትን በሽታ በስሙ ጻፉ። መመዘኛችሁ አንድ ይሁን፦ ይህ ልጁን ከሥቃይ ያድናል ወይስ እናንተን ያኮራል? ከሥቃይ የሚያድነውን ጠይቁ። ስለ ቁመቱና ስለ ብልህነቱ ልንገራችሁ ቢሏችሁ፣ ይቅርብን በሉ። በሽታው ካላስገደዳችሁ በቀር ጾታውንም አትጠይቁ፤ አማት ብትወተውት እንኳ መልሳችሁ «ሲወለድ እናያለን» ይሁን።