ፈለጠ

«ፈለጠ» የሚለው ግስ በሦስት ቋንቋ ሦስት መንገድ ይሄዳል። በግዕዝ ለየ፥ ነገርን ከነገር ነጥሎ አኖረ ማለት ነው፤ ፍልጠትም ልዩነት ነው። በአማርኛ ግን ወደ ምሳርና ወደ ግንድ ወርዶ ሰነጠቀ ማለት ሆኗል፤ በጉና ደጋ ብርድ የሚነድደው ፍልጥም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በትግርኛ ደግሞ ፈለጠ ማለት ዐወቀ፥ ፍልጠትም ዕውቀት ነው። ይህ ነገር ለቅኔ ተማሪ የኅብር መንገድ ይሆነዋል፤ ለሚያስተውል ሰው ግን ጥያቄ ያነሣበታል፤ መክፈል ማወቅ ነውን? ወይስ ማጥፋት?

እንግሊዞችም ክሊቭ የሚባል ግስ አላቸው፤ እርሱም መሰንጠቅም መጣበቅም ይሆናል። በጥንት ዘመን ሁለት ልዩ ልዩ ግሶች ነበሩና፥ ከዘመን ብዛት ድምፃቸው ገጥሞ አንድ መሰሉ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1611 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፍ ቅዱሳቸው፥ በኦሪት ዘፍጥረት፥ አብርሃም ለመሥዋዕት እንጨት መፍለጡም፥ ባል ከሚስቱ ጋራ መጣበቁም በዚህ ግስ ተነግሯል። የእነርሱን ግስ ያገናኘው የድምፅ መመሳሰል ነው፤ የእኛው ግን ከአንድ ሥር የበቀለ ስለ ሆነ ምክሩ ይበልጣል።

ሁለቱ ሴቶች በንጉሥ ሰሎሞን ፊት በተከራከሩ ጊዜ፥ ንጉሡ ሰይፍ አስመጥቶ ሕያው ሕፃን ለሁለት እንዲከፈል አዘዘ። ነገር ግን ሰይፉ ከሕፃኑ ሳይደርስ የእናት አንጀት ተገለጠ፤ አንዲቱ ልጁን ለቅቃ በሕይወት እንዲኖር ለመነች፥ ሁለተኛዪቱ ግን መከፈሉን ወደደች። በአማርኛው ሰሎሞን አልፈለጠም፤ በግዕዙ ግን እውነትን ከሐሰት ፈለጠ፤ በትግርኛውም ፈለጠ፥ ይህም ማለት እናቲቱን ዐወቀ። ዳኝነት ማለት ይህ ነው፤ ነገሩን ለይቶ ሰውን ማዳን።

አማርኛም እንደ ልቡ የሚገዛውን ሰው ፈላጭ ቆራጭ ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ሰው ይቈርጣል እንጂ አይለይምና። በዘመነ መሳፍንት ሀገር ተከፋፍሎ ሳለ ደብረ ታቦር የየጁ መሳፍንት መቀመጫ ነበረች። አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ዐሳባቸው የተከፋፈለውን አንድ ለማድረግ ነበር፤ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋትም መድፍ አሠርተዋል። በ1860 ዓ.ም. ግን ወደ መቅደላ ሲነሡ ያችኑ ከተማ አቃጠሏት። እሳት የበደለኛውን ቤት ከንጹሑ ቤት አይለይም። ንጉሡ አንድነትን መውደዳቸውን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን አንድ ለማድረግ የተነሣ ሰው እንኳ መለየትን ከተወ፥ አንድ ሊያደርገው የወደደውን ያጣዋል።

እንጨት ፈላጭ ምሳሩን ከማንሣቱ አስቀድሞ ግንዱ በየት በኩል እንደሚሰነጠቅ ይመለከታል። በሰው ላይ የሚፈርድማ ከዚህ ይልቅ ሊያስተውል ይገባዋል፤ ጥፋቱን ከአጥፊው፥ ቍጣውንም ከፍርዱ መለየት አለበት። መለየት ሁሉ መጥፋት አይደለም፤ ርብና ጉማራ ከጉና ተለያይተው ይወርዳሉ፥ ሁለቱም ግን ጣና ይገባሉ። እንግዲህ አባት በልጁ፥ ሽማግሌም በባለጋራዎች መካከል ሲፈርድ፥ ከሦስቱ ፈለጠ በየትኛው እንደሚፈርድ አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ።