የሐኪሙ ዕዳ ለማን ነው?

ዕዳ ሲነሳ በሁላችንም ፊት ድቅን የሚለው ገንዘብ ነው። አበዳሪ አለ፤ ተበዳሪ አለ፤ ቀነ ቀጠሮ አለ፤ ገንዘቡ ሲመለስ ነገሩ ያበቃል። ይሁን እንጂ በብር ተቆጥሮ የማያልቅ ዕዳም አለ። በዚህ ጽሑፍ ልናስተነትነው የፈለግነው አንዱን ነው። በሕዝብ ሀብት ተምሮ ሐኪም፣ ጤና መኮንን፣ ነርስ ወይም አዋላጅ የሆነ ወጣት «ባለሙያ ወደሌለበት ገጠር ሄደህ አገልግል፤ አገልግሎትህ ከዕዳህ ይታሰብልሃል» ሲባል ምን ማለት ነው? ጉልበትና ጊዜ በእርግጥ የዕዳ ክፍያ ይሆናሉን? ገንዘቡን ከፍሎ በከተማ የቀረውስ ከዕዳው ነጻ ወጣን? ጥያቄው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ልጁን ለሕክምና ትምህርት የላከ፣ ወይም ለመላክ የሚመኝ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ቀን በማዕዱ ዙሪያ ይነሳበታል።

ነገሩን በጥቅሉ ብቻ እንዳናየው አንድ አገር እንያዝ። ደብረ ታቦር የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከባሕር ዳር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሆስፒታል አላት፤ የጤና ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲም አላት። ከከተማዋ ወጥተን የጉናን ተራራ ይዘን ወደ ጋይንት ስናቀና ግን ደጋው እየከፋ፣ ብርዱ እየበረታ ይሄዳል። ነፋስ መውጫ የሚለው የከተማ ስም ራሱ ስለ አገሩ ይናገራል። ወደ ስማዳ ሲወረድ ደግሞ ገደሉና ሸለቆው ከመንደር መንደር ያለውን ጉዞ የቀን መንገድ ያደርገዋል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር የምትወልድ እናት እናስብ። በቀበሌዋ ጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ታስተምራለች፤ ትከትባለች፤ ከአቅሟ በላይ የሆነውን ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። በጤና ጣቢያው አዋላጅ ሊኖር ይገባል። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ደግሞ ሆስፒታል መድረስ ግድ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ብርቱ ደም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። በቃሬዛ ተሸክመዋት ጤና ጣቢያ ሲደርሱ አዋላጇ በቦታዋ ካለች ያች እናት ልጇን ታቅፋ ትመለሳለች። አዋላጇ «ምደባው አልተመቸኝም» ብላ ከቀረች ግን ቃሬዛው ወደ ቀብር ሊሄድ ይችላል። የምንነጋገርበት ጉዳይ ክብደቱ ይህን ያህል ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔ መፈለግ የተጀመረው ዛሬ አይደለም። በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የኮሌጁ ዓላማ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የጤና ጥበቃ ሠራተኞችን በአንድነት አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር ማሰማራት ነበር። በቀጣዮቹ ዐሠርት ዓመታት አዲስ የተመረቁ ሐኪሞች በዕጣ ይመደቡ ጀመር። የግዴታው ዘመን እንደ ቦታው ርቀትና አስቸጋሪነት ይለያይ ነበር። ለብዙ ዓመታትም ባለሙያው ግዴታውን እስኪፈጽም ድረስ የትምህርት ማስረጃው ሳይሰጠው ይቆይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ የወጪ መጋራት ደንብ ወጣ። በዚህ ደንብ ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ የምግብና የመኝታ ወጪውን ደግሞ ሙሉ በሙሉ በዕዳ እንዲይዝ ተደነገገ። ተመርቆ ሥራ ሲይዝም ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ እንዲከፍል ተወሰነ። ዕዳን በገንዘብ ፋንታ በአገልግሎት የመክፈል መንገድም ታስቦበታል።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው የጂቺ ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ከየክፍለ ሀገሩ ጥቂት ጥቂት ተማሪዎችን ይቀበላል። ስድስት ዓመት ያስተምራቸዋል። ተመርቀው በየትውልድ ክፍለ ሀገራቸው ዘጠኝ ዓመት ካገለገሉ የትምህርት ዕዳቸው ይሰረዝላቸዋል። ብዙዎቹም ግዴታቸውን ከጨረሱ በኋላ በዚያው ቀርተዋል። በአሜሪካም ሐኪም ወደማይገኝበት አካባቢ ሄዶ ቢያንስ ሁለት ዓመት ለሚያገለግል ባለሙያ መንግሥት የትምህርት ብድሩን ይከፍልለታል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ አገሮች ይህን መሰል ውል እንዲጠቀሙ፣ ከገጠር የመጡ ተማሪዎችንም አስበልጠው እንዲቀበሉ መክሯል። ሀብታሙም ደሀውም አገር በአንድ ችግር ተይዟል ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን! ወደ መሠረቱ እንመለስ። አገልግሎት የዕዳ ክፍያ ይሆናልን? በሃይማኖታችን ዕዳ ቀላል ነገር አይደለም። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ስለ ዕዳና ስለ ውል አጻጻፍ የወረደው ነው። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ጥቂት ዲናር ዕዳ ባለበት ሰው ጀናዛ ላይ ለመስገድ ከባልደረቦቻቸው አንዱ ዋስ እስኪሆን ድረስ መጠበቃቸው ይታወቃል። በኋላ ሙስሊሞች ሀብት ባገኙ ጊዜ ግን ከፋይ ትቶ ያልሞተ ባለዕዳን ዕዳ ራሳቸው ይሸፍኑ ነበር። ዕዳን ከሕዝብ ሀብት ማንሳት ለእኛ እንግዳ አሠራር አይደለም።

ዕዳን በሙያ መክፈልም እንዲሁ። ከበድር ምርኮኞች መካከል መጻፍና ማንበብ የሚያውቁ፣ ነገር ግን ቤዛ የሚከፍሉት ያልነበራቸው፣ እያንዳንዳቸው ዐሥር የመዲና ልጆችን አስተምረው ነጻ ወጥተዋል። ከዚህም የበለጠ የምንማርበት የነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ታሪክ ነው። ወደ መድየን ተሰደው ሲደርሱ እጃቸው ባዶ ነበር። የሽማግሌውን ልጅ ለማግባት የተዋዋሉት በገንዘብ ሳይሆን በሥራ ነው። ስምንት ዓመት እረኝነት ግዴታቸው ሆነ። ዐሥር ቢሞሉት ግን ከራሳቸው በጎ ፈቃድ የሚቆጠር ነበር። የበላዩን ዘመን እንደሞሉም ተዘግቧል። በዚህ ውል ውስጥ ሦስት ነገሮችን ልብ እንበል። ዘመኑ የታወቀ ነው። አሠሪው እንደማያስቸግራቸው ቃል ገብቷል። ከግዴታው በላይ ያለው ደግሞ ለሰውየው መልካምነት ተትቷል። ሙሳ ዋጋ ያለው ሥራ በመሥራታቸው ክብራቸው አልጎደለም። እንግዲያው ዕዳው ስለሚነሳለት ወደ ጋይንት የወረደ ሐኪም «ለጥቅም ነው የሄደው» ተብሎ ሊናቅ አይገባም። ለሠራተኛ ዋጋው ይገባዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንለፍ። አበዳሪው ማን ነው? በወረቀቱ ላይ የሰፈረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። መሥሪያ ቤቱ ግን የራሱ ገንዘብ የለውም። ገንዘቡ የስማዳው ገበሬ የከፈለው ግብር፣ የእስቴው ነጋዴ የከፈለው ቀረጥ፣ እናቶች ከሚገዙት ጨውና ሳሙና ላይ ሳይቀር የተቆረጠው ነው። ብዙዎቹ ልጃቸውን ዩኒቨርሲቲ የማስገባት ዕድል አላገኙም፤ የሌላውን ልጅ ግን አስተምረዋል። «ብድር በምድር» እንዲሉ፣ ያስተማሩት ልጅ በታመሙ ጊዜ እንዲደርስላቸው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ገንዘቡን ለመሥሪያ ቤቱ የመለሰ ሰው ከሒሳብ ዕዳው ወጥቷል፤ ይህን ማንም አይክደውም። ነገር ግን ያቺ በቃሬዛ ላይ ያለች እናት በብሩ አትድንም። ለእርሷ የሚያስፈልጋት የሚያክም እጅ ነው። ሕክምና ፈርድ ኪፋያ ከሚባሉት ግዴታዎች መሆኑን ዑለማዎች አስረድተዋል። በቂ ሰው ከሠራው ከሌላው ይወርዳል፤ ማንም ካልሠራው ሁሉም ይጠየቃል። ኢማም አል-ገዛሊም በዘመናቸው ሰዉ ለዝናና ለሹመት ወደሚያበቃ ዕውቀት ሲጋፋ፣ ብዙ ከተማ ያለ ሙስሊም ሐኪም መቅረቱን አምርረው ወቅሰዋል። በከተማ መቶ ሐኪም ባለበት አንዱ ቢቀር ሌላው ይተካዋል። ተራራ ላይ ብቻውን ያለ ባለሙያ ግን የጋራው ግዴታ ለእርሱ የግሉ ግዴታ ይሆንበታል።

እዚህ ላይ በቀጥታ ሊመለስ የሚገባው ቅሬታ አለ። «የሀብታም ልጅ ዕዳውን ከፍሎ በከተማ ይቀራል፤ የደሀው ልጅ ግን ገንዘብ ስለሌለው ብርዱን ይቆጥራል። ፍትሑ የት አለ?» የሚል ነው። ቅሬታው እውነት አለው። ግዴታው በገንዘብ የሚገዛ ከሆነ የገጠር አገልግሎት የድህነት ቅጣት ይመስላል። ገበሬውም በቅጣት በመጣ ሐኪም ይታከማል። ስለዚህ ሚዛኑን የሚጠብቅ አሠራር ያሻል። አገልግሎቱ የሚቆጠርበት ልክ ለሚያገለግለው የሚያደላ ይሁን፤ ቦታው በከበደ ቁጥር ዘመኑ ይጠር፤ ላገለገለው የስፔሻሊስት ትምህርት በር ቀድሞ ይከፈትለት። በዚህ ጊዜ ወደ ገጠር መሄድ መሸነፍ መሆኑ ይቀርና የሚመረጥ መንገድ ይሆናል።

ሁለተኛው ቅሬታ ስለ ውል ነው። ቃልን መሙላት በባለሙያው ላይ ብቻ የተጣለ አይደለም። የሚያድርበት ቤት፣ በወቅቱ የሚደርስ ደመወዝ፣ መድኃኒትና መሣሪያ፣ የማይራዘም ቀነ ገደብ ሊኖር ይገባል። አለዚያ ውሉን ያፈረሰው ማን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር በብዙ የአገራችን ክፍሎች የጤና ባለሙያዎች የደመወዛቸውን ማነስ ገልጸው ሥራ ማቆማቸው የቅርብ ጊዜ ትዝታ ነው። ደቡብ ጎንደርም የሰላም አገር ሆኖ አልቆየም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ደርሶ ሕክምና መስጫው ሳይቀር ተዘርፏል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሳው ግጭትም መንገድን አስፈሪ፣ አምቡላንስን ብርቅ አድርጎታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በቦታው የጸናን ባለሙያ ዓመት እንደ ማንኛውም ዓመት መቁጠር በደል ነው። ለሕይወቱ ፈርቶ የወጣውንም ውል አፍራሽ ብሎ መፈረጅ አይገባም።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል። ዕዳን ማንሳት ሰውን ወደ ቦታው ሊያደርሰው ይችላል፤ ልቡን ግን አያደርስም። ቀን እየቆጠረ የሚሠራ ሐኪምና ሕሙሙን በስሙ የሚጠራ ሐኪም በመዝገብ ላይ እኩል ሁለት ዓመት ይጻፍላቸዋል። ልዩነታቸውን የሚያውቁት በሽተኛውና አላህ (ሱ.ወ) ብቻ ናቸው። ሕግ ስምንቱን ዓመት ማዘዝ ይችላል። የዘጠነኛውና የዐሥረኛው ምንጭ ኢሕሳን ነው። ኢሕሳንን ደግሞ ደንብ አያወጣውም፤ ቤተሰብ ነው የሚዘራው።

ስለዚህ የመጨረሻው ቃላችን ለእናንተ ለወላጆች ነው። ልጃችሁ ወደ ጋይንት ወይም ወደ ስማዳ ስትመደብ «ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ገደል ውስጥ ልትቀሪ ነው?» ብላችሁ አታልቅሱባት። በዘመድና በእጅ መንሻ ምደባ አታስቀይሩላት፤ የተሰረዘው ስም ቦታ ላይ የሌላ ሰው ልጅ ይጻፋልና። በሐሰት የሕመም ማስረጃ ጀምራ እውነተኛ በሽተኛን እንዴት በአማና ታክማለች? ሴት ልጅን ወደ ማታውቀው አገር ብቻዋን መላክ የሚያሳስብ መሆኑን እናውቃለን፤ ስጋቱም ተገቢ ነው። የስጋቱ መድኃኒት ግን አብሮ ሄዶ ቤት ማየት፣ በአካባቢው ካሉ ጨዋ ቤተሰቦች ጋር ማስተዋወቅ፣ ከወንድሞቿ አንዱ ሰንብቶ እንዲያለማምዳት ማድረግ፣ በየወሩ ደውሎና ስንቅ ልኮ ማበርታት ነው። በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ያላችሁ ደግሞ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ከሩቅ የመጣውን ባለሙያ እንደ እንግዳ ተቀበሉት። ቤት ሲያከራዩት ዋጋ አትቆልሉበት። በበዓል ቀን ብቻውን እንዳይውል ጥሩት። ብዙ ባለሙያ ከገጠር የሚሸሸው ከብርዱ ይልቅ ብቸኝነቱን ፈርቶ ነውና።

ዕዳው የተጻፈው በልጁ ስም ቢሆንም ብቻውን አይከፍለውም። መንግሥት ቃሉን በመጠበቅ፣ ቤተሰብ በማበርታት፣ ሕዝብ በመቀበል ከጎኑ ሲቆም አገልግሎቱ ይጸናል። አላህ (ሱ.ወ) ቃላቸውን ከሚሞሉት፣ ከግዴታቸውም በላይ ከሚጨምሩት ያድርገን። አሚን።