ኒዮኖቹን ማን በላቸው?

የዛሬው የጁሙዓ ጽሑፋችን ስለ ዓሣ ነው። ስለሚበላው አይደለም፤ ሳሎን ውስጥ በመስታወት ተከልሎ ስለሚዋኘው። «ለጁሙዓ ይሄ ምን ርዕስ ነው?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰን። እኔም መጀመሪያ ላይ ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

ለእህቴ ልጅ ቃል ገብቼለት ነበር። ጁዝ ዐምማን ሐፍዞ ከጨረሰ ለዒድ አኳሪየም እገዛልሃለሁ አልኩት። ሰባት ዓመቱ ነው፤ የተገባለትን ቃል አይረሳም። ረመዳን ሳያልቅ ጨረሰ። በዒድ ማግስት ይዤው ወጣሁና ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 30፣ ቁመቱ 35 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስታወት ገዛን። ሲሞላ 60 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። ከዚያ እሱ እየጠቆመ እኔ እየከፈልኩ ዓሣ መረጥን፦ ሰማያዊና ቀይ መስመር ያላቸው ትንንሽ ኒዮን ቴትራዎች አስር፣ ክንፋቸው እንደ ሸራ የተወጠረ ኤንጅልፊሽ ሁለት፣ አንድ ደግሞ ጎልድፊሽ። «አብረው ይስማማሉ?» ብዬ ጠይቄያለሁ። ሻጩ «አብሽር» አለኝ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኩም።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኒዮኖች ሞቱ። ልጁን «ቀደር ነው» አልኩት። በአምስተኛው ወር ላይ ደግሞ በየጠዋቱ ሲቆጥር ቁጥሩ መጉደል ጀመረ። ስምንት የነበሩት ሰባት፣ ከዚያ ስድስት። የሞተ ተንሳፎ አይታይም። አንድ ጁሙዓ ጠዋት አራት ሆኑ። ሳንቲም አክለው የገዛናቸው ኤንጅልፊሾች መዳፌን ሊያክሉ ትንሽ ቀርቷቸዋል። እህቴ «ተፈጥሮው ነው፣ ምን ታደርገዋለህ» አለችኝ። ልጁ ግን አልተዋጠለትም። መድረሳ ላይ ኡስታዙ የነገራቸውን አምጥቶ ጠየቀኝ፦ በቂያማ ቀን ቀንድ የሌላት በግ ቀንድ ካላት በግ ሐቋን ትቀበላለች ከተባለ፣ ኒዮኖቹም ኤንጅልፊሹን ይጠይቁታል ወይ?

መልስ አልሰጠሁትም። ሶላት ሊያመልጠን ነው ብዬ አስነሳሁት። መንገድ ላይ ግን የማስበው ሌላ አልነበረም፤ ኒዮኖቹ ኤንጅልፊሹን አልፈው እኔ ጋ ቢመጡስ?

እስቲ አብረን እንየው። ኤንጅልፊሽ ተክሊፍ የለበትም። ሐላልና ሐራም አያውቅም። አማዞን ውስጥም ትንንሽ ዓሦችን እየበላ ነው የሚኖረው፤ ሪዝቁ ነው። የራሳችንን ጣና ተመልከቱ። እዚያ ላቤዮባርበስ የሚባሉ 15 ገደማ የዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ከመካከላቸው ሌሎች ዓሦችን እያደኑ የሚኖሩም ይገኙባቸዋል። ሐይቁ ግን ወደ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ታዳኙ የሚሸሽበት ደንገል አለው፣ ጥልቀት አለው፣ ጨለማ አለው። አላህ አዳኙን ሲፈጥር ለታዳኙም መሸሸጊያ ፈጥሮለታል። እኔ አዳኝና ታዳኝን 60 ሳንቲ ሜትር ውስጥ አስገብቼ ክዳኑን ገጠምኩ። እህቴ «ተፈጥሮው ነው» ያለችው የዓሣውን አፍ በተመለከተ እውነት ነው። መስታወቱን ግን ተፈጥሮ አልሠራውም።

ታዲያ ጥፋቱ የሻጩ ነው? በከፊል አዎ። ገዢና ሻጭ እውነት ከተናገሩና የዕቃውን ነገር ግልጽ ካደረጉ በግብይታቸው በረካ እንደሚኖር፣ ከደበቁና ከዋሹ ግን በረካው እንደሚጠፋ በሐዲስ ተነግሮናል። ሻጩ የማያውቀውን «አላውቅም» ማለት ነበረበት። ግን ወንድሜ፣ እኔ ባለፈው ጫማ ስገዛ ስልኬ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዋጋ ሳወዳድር ነበር። ለአሥራ ሦስት ነፍስ አምስት ደቂቃ አልፈለግሁም። «አብሽር» የሚለውን ቃል የወደድኩት ከማወቅ ስለገላገለኝ ነው። ልጁ ዓይኑ እየበራ ቆሞ ሳለ «እነዚህ አይስማሙም» መባልን አልፈልግም ነበር። አለማወቅ ዑዝር የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ማወቅ እየቻሉ ላለማወቅ መምረጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ ድመቷ የሚናገረውን ሐዲስ ሁላችንም ሰምተናል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አንዲት ሴት ድመት አስራ እስክትሞት በማቆየቷ እሳት ገባች። ልብ ማለት ያለብን ዝርዝሩን ነው። አላበላቻትም፣ ራሷ ከምድር ነፍሳት ፈልጋ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። መንገድ ላይ ያለች ድመትን ሳያበላ የሚያልፍ ሰውና ይህች ሴት አንድ አይደሉም። ድመቷ በራሷ የምትኖርበትን በር ዘግታ ሳለ የራሷንም በር ዘጋች። በር የዘጋ ሰው ከበሩ ጀርባ የነበረውን ሁሉ ተረክቧል። መስታወት ደግሞ ከማንኛውም በር የበለጠ የተዘጋ ነው። ዓሣው ወደ ሞቀው ውሃ መሄድ አይችልም፣ ከጠላቱ መራቅ አይችልም፣ ዘመዶቹን መፈለግ አይችልም፣ ከራሱ ቆሻሻ እንኳ መሸሽ አይችልም።

በሌላ በኩል የአቡ ዑመይር ታሪክ አለ። የአነስ ታናሽ ወንድም የነበረው ሕፃን የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ወፊቱ በጨዋታ ይጠይቁት ነበር። ዑለማዎች ከዚህ በመነሳት፣ ሐቁ እስከተጠበቀ ድረስ ወፍን የመሰለ እንስሳ ለልጅ ማቆየት እንደሚፈቀድ ተናግረዋል። ስለዚህ «አኳሪየም ሐራም ነው» የሚል ጽሑፍ አይደለም ይሄ። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ የዓሣ ሐቅ ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ደግነትን የምንለካው በራሳችን ነው። ለራስህ የምትወደውን ስጥ እንላለን። በዓሣ ላይ ይህ አይሠራም። ከታይላንድና ከአካባቢው የመጣውን ቤታ የሚባለውን ዓሣ ውሰዱ። ብቻውን ሲዋኝ አይተን «ጓደኛ ይፈልጋል» ብለን ሌላ ወንድ ቤታ ብንጨምርለት እስኪቦጫጨቁ ይጣላሉ። አዝነንለት ገደልነው ማለት ነው። ኒዮን ደግሞ ተቃራኒው ነው። በመንጋ የሚኖር ፍጥረት ነው፤ ቢያንስ ስድስት ካልሆኑ ይፈራል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ጥግ ይዞ ይቀራል። «ቦታው ትንሽ ስለሆነ ሁለት ብቻ ልግዛ» ያለ ሰው የራራ ይመስለዋል። ቁርኣን በምድር የሚሄዱና በክንፋቸው የሚበሩ ፍጥረታት እንደ እኛው ኡመቶች መሆናቸውን ይነግረናል። ኡመት የሚለውን ቃል ስንሰማ ስለ ሰው ብቻ ነው የምናስበው። የኒዮን መንጋ አንድ ላይ ሲታጠፍ ያየ ሰው ግን ቃሉ ትንሽ ይገባዋል። ከዚያ ኡመት ሁለቱን ነጥሎ ለሳሎን ጌጥ ማድረግ ሐቅን ማጉደል ነው።

(እዚህ ጋ ነገሩን ወደ ትዳር አጋር ምርጫ አዙሬ «እናንተም የሚስማማችሁን ምረጡ» እንድል የጠበቃችሁ አላችሁ። አላዞርም። ዓሦቹ ራሳቸው ሐቅ አላቸው፤ የሰው ምሳሌ ለመሆን ብቻ አልተፈጠሩም።)

ያኔ ብጠይቅ ኖሮ የማውቀው ነገር ብዙ አልነበረም። ጎልድፊሽ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው፤ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይመቸዋል። ኤንጅልፊሽ ከ24 በላይ ይፈልጋል። ለአንዱ ስናሞቅ ሌላውን እናስጨንቃለን። ጎልድፊሽ ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያቆሽሻል፤ ተራው ዓይነት ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። ኤንጅልፊሽም ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከላይ እስከ ታች ክንፉ ሲለካ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ሱቅ ውስጥ የምናየው ሕፃኑን ነው። የሚገዛ ሰው ዓሣው ዛሬ ስንት እንደሚያክል ሳይሆን አድጎ ስንት እንደሚሆን፣ ያኔ አፉ ውስጥ ምን እንደሚገባ ይጠይቅ። ለ60 ሊትር ስምንት ወይም አስር ኒዮን፣ ከታች ደግሞ መሬት መሬቱን የሚለቅሙ ጥቂት ትንንሽ ኮሪዶራሶች፣ በቃ። ከላይና ከታች ስለሚኖሩ አይጋፉም፣ አንዱ የሌላው አፍ ውስጥ አይገባም። ጉፒም ይቻላል፤ ግን ወንድና ሴት ቀላቅሎ የገዛ ሰው በየወሩ ለሚወለዱት ጫጩቶች ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይወስን።

አንድ ለእኛ ከተማ የሚጠቅም ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ «በዚህ ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚለውን የውጭ አገር ምክር እንዳለ አንውሰድ፤ ቀነስ እናድርግ። በክረምት ሌሊት ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ማሞቂያ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያውም የአየር ፓምፑም አብረው ይቆማሉ። ይህን ሁሉ መሸከም የማይችል ሰው አለመግዛቱ ምንም አያሳፍርም።

አሁን ስለነዚያ ሁለት ኒዮኖች። በመጀመሪያው ሳምንት «ቀደር ነው» ያልኳቸው። የዓሣ ቆሻሻና የተረፈ ምግብ ውሃ ውስጥ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። አላህ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችን ፈጥሯል፤ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ ወደቀለለው ናይትሬት ይለውጡታል። እነሱ ፊልተሩ ውስጥ እስኪራቡ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ደግሞ ባክቴሪያዎቹንም የዓሣውን ስንጥብም ይጎዳል። እኔ ውሃውን ከቧንቧ ቀድቼ፣ አሥራ ሦስቱንም በዚያው ቀን ነው ያስገባሁት። ቀደር እውነት ነው፣ እናምንበታለን። ነገር ግን ቀደር ሙሲባ ሲደርስ የምንጽናናበት እንጂ የራሳችንን ስንፍና የምንሸፍንበት አይደለም። እኔ ለሰባት ዓመት ልጅ ያስተማርኩት የኋለኛውን ነበር።

ከዚያ ምን ላድርግ? እውነቱን ለመናገር ይሄ ከሁሉም ከበደኝ። ኤንጅልፊሾቹን ወደ ሱቁ መመለስ ቀላል ነው፤ ነገ ሌላ ልጅ ከኒዮን ጋር ይገዛቸዋል። ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ መልቀቅ ነፃ ማውጣት ይመስላል፤ ግን ከሌላ አህጉር የመጣ ዓሣ ወይ በብርድ ይሞታል፣ ወይ ደግሞ ተራብቶ የአገሬውን ዓሣ ይጎዳል። በመጨረሻ ትልቅ አኳሪየም ያለው፣ ትንንሽ ዓሣ የማያኖር ሰው አግኝቼ በነፃ ሰጠሁት። ጎልድፊሹ አንድ የማውቀው ሰው ግቢ ውስጥ ወዳለ ሰፊ ገንዳ ሄደ።

አራት ኒዮኖች ቀሩ። አራት ደግሞ መንጋ አይደሉም። ስድስት ጨምሬ ልግዛ፣ ወይስ ከዚህ ንግድ እጄን ላውጣ? ብዙ አሰብኩበት። መግዛት ሻጩ ሌላ እንዲያመጣ ያደርጋል። አለመግዛት ደግሞ በእጄ ያሉትን አራቱን በፍርሃት ያኖራል። እኔ በእጄ ያሉትን አስቀደምኩ፤ ሌላ ሰው ሌላ ሊወስን ይችላል፣ አልወቅሰውም። ከሌላ ሱቅ ስድስት ገዛሁ፤ ሳልቀላቅላቸውም ለብቻቸው ጥቂት ሳምንታት አቆየኋቸው።

ባለፈው ጁሙዓ ልጁ መጥቶ ቆጠረ። አስር። ከዚያ ዞሮ «የመጀመሪያዎቹን ሁለቱንም ኤንጅልፊሹ ነው የበላቸው?» አለኝ።

«አይደለም» አልኩት። «እነሱን የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ውሃው ሳይደርስ አስገባኋቸው።»

ዝም ብሎ አየኝ። ትንሽ አሰበና የምግቡን ጠርሙስ አንስቶ አቀበለኝ። «ትንሽ ብቻ» አለኝ፤ «የተረፈው ውሃውን ያበላሻል።»