እስከ መቼ እንግዳ?

ኦሃዮ ተራራ የላትም። የግዛቲቱ ከፍተኛ ቦታ ካምቤል ሂል ይባላል፤ ከኮሎምበስ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል በምትርቀው በቤልፎንቴን ከተማ ይገኛል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 472 ሜትር ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ማድ ሪቨር ማውንቴን የተባለ የበረዶ መንሸራተቻ መዝናኛ አለ። ብርዱ ሲገባ የኮሎምበስ ሰው ልጆቹን ይዞ ወደዚያ ይወጣል፤ ሰማዩ በረዶ ከነፈገም በማሽን ይሠራል። ሦስት ሺህ ሜትር የሚያልፈውን እንጦጦን እያየ ላደገ ሰው ይህን «ተራራ» ብሎ መጥራት ፈገግ ያሰኛል።

መዝናኛው ግን ቁም ነገር ያስነሣል። በመዝናኛ ስፍራ ያለ ሰው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ የእንግዳ አገልጋይ። ጎረቤት የሚባል የለም። እንግዳው ሒሳቡን ከፍሎ ሲወጣ ከቦታው ጋር የነበረው ጉዳይ በዚያው ያበቃል። ከእሱ በኋላ ጣሪያው ቢያፈስ፣ ጫካው ቢራቆት አይመለከተውም። ይህ ነውር የለበትም፤ የዕረፍት ትርጉሙ ይኸው ነው። ጥያቄው የሚመጣው ሰው እንዲህ ባለ ቦታ አዲስ ሕይወት ልጀምር ሲል ነው። ወይም ደግሞ በየትኛውም ከተማ ተቀምጦ፣ እንደ መዝናኛ ስፍራ እንግዳ ዓመታትን ሲያሳልፍ ነው።

ጀርመናዊው ደራሲ ቶማስ ማን እ.ኤ.አ. በ1924 ባሳተመው «አስማተኛው ተራራ» በተሰኘው ልቦለዱ ይህን ጥያቄ እስከ ጥጉ ወስዶታል። ሃንስ ካስቶርፕ የተባለ ወጣት የታመመ የሥጋ ዘመዱን ለመጠየቅ ወደ ዳቮስ፣ ወደ ስዊዘርላንዷ የተራራ ከተማ ይወጣል። ያሰበው ለሦስት ሳምንት ነው፤ የቆየው ሰባት ዓመት ነው። እዚያ ሕሙማኑ ሰገነት ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ይጋደማሉ፤ በቀን አምስት ጊዜ ይበላሉ፤ ሙቀታቸውን ይለካሉ። ቀኑ ከቀን አይለይም። ከታች ያለውን ዓለም «ሜዳው» ይሉታል፤ ሥራ፣ ትዳር፣ ግዴታ ያለው እዚያ ነው። ካስቶርፕን ማንም አላሰረውም። የቀረው እንግዳ ሆኖ መኖር ስለተመቸው ነው። በመጨረሻ ከተራራው ያወረደው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው።

የኮሎምበስ ሐበሻ መልክዓ ምድሩ ተገልብጦበታል፤ ከተራራ ወደ ሜዳ የወረደ ነው። አኗኗሩ ግን አንዳንዴ ዳቮስን ይመስላል። «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብላ የመጣች አንዲት ሴት ትታሰብ። መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ጠዋት ገብታ፣ ጋቢዋን ተከናንባ፣ እንቅልፍ እስኪወስዳት የአገር ቤት ዜና ታያለች። ቤት አትገዛም፤ ለጊዜው ነዋ። ሶፋውም ለጊዜው ነው። የልጇ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ አትሄድም፤ የነሱ ጉዳይ ነው። እናቷ በስልክ «መቼ ነው የምትመጪው ልጄ?» ሲሏት «በቅርቡ እማዬ» ትላለች። እንዲህ እያለች አሥራ አራት ዓመት ሆናት።

ንጽጽሩ አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል። ካስቶርፕ ሥራ ፈት ነው፤ እሷ ዕረፍት አታውቅም። በየወሩ በምትልከው ገንዘብ የወንድሟ ልጆች ይማራሉ፤ የእናቷ መድኃኒት ይገዛል። የምትሰጠው ሕይወት አላት። ሆኖም ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ የራሳቸውን ሕይወት በቀጠሮ ማሳደራቸው።

እርግጥ እንግዳነት ሁልጊዜ ምርጫ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ለኢትዮጵያውያን የሰጠችው ከለላ ከስሙ ጀምሮ «ጊዜያዊ» ነው። ወረቀቱ በወራት የሚቆጠርለትን ሰው «ለምን ሥር አልሰደድክም?» ብሎ መውቀስ ግፍ ይሆናል። ነገር ግን ወረቀትና ልብ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። በዲቪ የመጣ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሕግ ቋሚ ነዋሪ ነው፤ በልቡ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ጊዜያዊ ሆኖ ሊኖር ይችላል። ጉዳዩ ገና ፍርድ ቤት ያለ ሌላው ደግሞ በሁለተኛ ወሩ የአሮጊቷን ጎረቤቱን በር በረዶ ሲጠርግ ይገኛል። ስለዚህ ጥያቄው የፈቃድ ጥያቄ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። «ለጊዜው ነው» ማለት ታማኝነት ነው ይባላል። ሶፋ የሚገዛ፣ ቤት የሚገዛ፣ መቃብር የሚገዛ ሰው አገሩን ቀስ በቀስ እየረሳ ነው፤ እንግዳ ሆኖ የቀረ ግን አልካደም። ይህ አነጋገር ክብር አለው፤ ብዙ ሰው የስደትን ክረምት ያለፈው በዚህ ሐሳብ ተደግፎ ነው። ከበስተኋላው ያለው ግምት ግን መመርመር አለበት፤ ሰው አንድ ሥር ብቻ አለው፣ እዚህ የሰደደው ከዚያ የነቀለው ነው የሚል ግምት። ፈረንሳዊቷ ፈላስፋ ሲሞን ቬይ እ.ኤ.አ. በ1943 በስደት ለንደን ሆና፣ በሞተችበት ዓመት፣ ስለ ሥር መስደድ ጽፋለች። ሥር ማግኘት ለነፍስ ከሚያስፈልጉ ነገሮች ዋነኛው ሳይሆን እንደማይቀር፣ ሰው ደግሞ ከአንድ በላይ ሥር እንደሚያስፈልገው ታምን ነበር። ዛፍም ቢሆን በአንድ ሥር አይቆምም።

ስለ ሥር ከተነሣ፣ አዲስ አበባ ራሷ የመዝናኛ ስፍራ ሆና እንደጀመረች ማስታወስ ይገባል። የምኒልክ መናገሻ እንጦጦ ላይ በነበረበት ጊዜ ቤተ መንግሥቱ ፍል ውኃ ለመታጠብ ወደ ሜዳው ይወርድ ነበር፤ ድንኳን ጥሎ፣ ሰንብቶ፣ ተመልሶ ይወጣል። በ1879 ዓ.ም. ግን እቴጌ ጣይቱ ከፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። እንግዳ ቤት አይሠራም። ያን ቀን መዝናኛው ወደ ከተማነት አንድ እርምጃ ሄደ።

አንድ እርምጃ ብቻ። የኢትዮጵያ ነገሥታት መናገሻ ለረጅም ዘመን በድንኳን የሚዞር ነበር፤ በዙሪያው ያለው ማገዶና ቀለብ ሲያልቅ ይነሣል፣ የተራቆተውን መሬት ትቶ ወደ ሌላ ይሄዳል። በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባም ማገዶ አጠራት። ምኒልክ በስተምዕራብ ሌላ መናገሻ ማሠራት ጀመሩ፤ ስሙም አዲስ ዓለም ተባለ። በመጨረሻ ግን መናገሻው አልተነሣም። ካስቀሩት ነገሮች ዋነኛው ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ፈጥኖ ያድጋል፣ ተቆርጦ ያቆጠቁጣል። ቤተ መንግሥት ሊሆን የነበረው የአዲስ ዓለሙ ሕንጻ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ሰፈር ማገዶ ሲያልቅበት ይነሣል፤ ከተማ ግን ይተክላል። አዲስ ሕይወት የጀመረው አዲስ ቦታ የተገኘ ዕለት ሳይሆን የነደደውን የሚተካ ችግኝ የተተከለ ዕለት ነው።

ይህ ታሪክ ግን ዕዳ አለበት። «አዲስ» የተባለው ቦታ ነባር ስም ነበረው፤ ፊንፊኔ። ኦሮሞዎች ይኖሩበት፣ ከብት ያሰማሩበት ነበር። አዲስነት የደራሹ ቃል ነው፤ ቦታው አዲስ የሚሆነው ለመጣው እንጂ ለነበረው አይደለም። ባሕር ዛፉም ቢሆን ዋጋው አለ፤ ውኃ ይጠጣል፤ ጭራሮውንና ቅጠሉን ከእንጦጦ በጀርባቸው አጉብጠው ሲያወርዱ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሴቶች አሉ። የከተማዋ ሥር ሲቆጠር እነሱም ይቆጠራሉ።

ኮሎምበስ ደግሞ ከስሟ ጀምሮ የዚህ ቃል ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1812 የግዛቲቱ ዋና ከተማ እንድትሆን ስትቆረቆር የተሰጣት «አዲስ ዓለም አገኘ» የተባለው ሰው ስም ነው። የጄኖቫ ሕዝብ በ1955 ያበረከተው የኮሎምበስ ሐውልት ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ቆሞ ኖሮ በሐምሌ 2020 ተነሥቷል፤ ስሙ ግን አለ። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ በ1842 በዚህች ከተማ አልፎ ወደ ሰሜን፣ ወደ አፐር ሳንደስኪ ተጉዟል። እዚያም ከወያንዶት ሕዝብ ጋር የመልቀቂያ ውል ያዋዋለውን የመንግሥት ወኪል አገኘ። ሰውየው ስለ ወያንዶቶች የነገረውን ዲከንስ በጉዞ ማስታወሻው ጽፎታል፤ ከሁሉ ይልቅ ጥለውት ለመሄድ የከበዳቸው የዘመዶቻቸው መቃብር ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሄዱ። ከኦሃዮ በመጨረሻ የወጡት ነባር ሕዝቦች እነሱ ነበሩ።

ይህን ማወቅ ለመጋዘኗ ሠራተኛ ምን ይፈይዳል? ቢያንስ አንድ ነገር። ባዶ ቦታ ላይ ያረፈ ማንም የለም። የምትነዳበት መንገድ፣ ልጇ የሚማርበት ክፍል፣ ሌሊቱን የምትቆምበት ወለል፣ ሌሎች እያለቀሱ በለቀቁት መሬት ላይ ነው። «እንግዳ ነኝ፣ አያገባኝም» የሚለው ቃል ከዚህ ነጻ አያወጣትም። እንግዳም በሰው ማገዶ ይሞቃል።

ወያንዶቶችን ያስለቀሳቸው መቃብር ዛሬም የስደተኛው ጥያቄ መቋጫ ነው። በአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ሶፋ እንኳ «ለጊዜው» የሚገዙት ሳይቀሩ፣ እድር አቋቁመዋል። ነገሩ ያስገርማል። ለኑሮው አልቆምም ያለ ሰው ለሞቱ ተደራጀ። ግን እንግዳነት የሚሰበረውም እዚያው ነው። ሰው ሞቶ ሲደወልላት ያቺ ሴት ከፈረቃዋ ወጥታ ሳትተኛ ትሄዳለች፤ ስሙን በቅጡ የማታውቀው ሰው ቤት ወንበር ትደረድራለች፣ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ከሐዘንተኛዋ አጠገብ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ማንም አልከፈላትም፤ ከፍላም አትገላገለውም። ነግ በኔ ነው። በመዝናኛ ስፍራ የማይገኘው ይህ ነው፤ በገንዘብ የማይወራረድ ዕዳ። ሳታስበው ጎረቤት ሆናለች።

እድሩ ሲሰበሰብ ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ አስከሬኑ ይላክ ወይስ እዚህ ይቀበር? ከአባት ከእናት አጠገብ ማረፍ ክብር ነው፤ ማንም አይንቀውም። ልጆቹ ግን እዚህ ናቸው። ለሰማንያ ቀኑ፣ ለሙት ዓመቱ፣ ወይም እንዲሁ አንድ እሑድ ሆድ ሲብሳቸው የት ይሄዳሉ? ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም። ጥያቄውን ጮክ ብሎ መጠየቅ ግን ራሱ «ለጊዜው» የሚለውን ቃል ያሳፍራል።

ታማኝነት ነው የተባለውስ? በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቷል፤ ተራራው ዛሬ መዝናኛ ነው። ከኮሎምበስ ለዕረፍት የሄደ ሰው እዚያ ወጥቶ ቡናውን ይጠጣል፣ ከተማዋን ከላይ ያያታል፣ ፎቶ ይነሣል። የሚቆየው ሦስት ሳምንት ነው። እናቱ ቤት ሲገባ ቡና የሚቀርብለት በቁም ሳጥን ተቀምጦ በሚውለው፣ ለእንግዳ በሚወጣው ሲኒ ነው። ስለ ሰፈሩ ቧንቧ፣ ስለ ጎረቤት ጠብ፣ ስለ እህቱ ትዳር አይነገረውም፤ «ይረፍ፣ ደክሞታል» ይባላል። አሥራ አራት ዓመት እዚያ እንግዳ ሆኖ የኖረው እዚህ ባለቤት ለመሆን ነበር። አሁን በሁለቱም ቤት እንግዳ ነው። በአንዱ ቦታ እንግዳ ሆኖ መቅረት በሌላው ባለቤትነትን አያስጠብቅም፤ ግዴታ መሸከም የሚለመደው በመሸከም ነውና። በዚህ በኩል የአገር ቤቱም ሰው ድርሻ አለው። ከውጭ የመጣውን ወንድም ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ምክሩን፣ ጉልበቱን፣ ቁጣውን ጭምር መጠየቅ፣ በዘወትሩ ሲኒ ማጠጣት፣ ወደ ቤት መመለስ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «የትኛውን አገር ልምረጥ?» የሚለው አይደለም። ሰው ገላው ባለበት ቦታ እንግዳነቱን ማብቃት አለበት፤ ሌላውን ሥሩን ሳይነቅል። ይህ ትልቅ ውሳኔ አይመስልም። የወላጆች ስብሰባ ላይ እንግሊዝኛው ቢሰበርም እጅ ማውጣት ነው። የከተማዋን ነባር ሰዎች ስም ማወቅ ነው። ለእናት «በቅርቡ» ማለትን ትቶ ቀን ቆርጦ መንገር፣ ካልተቻለም እንዳልተቻለ መናገር ነው።

በኮሎምበስ ጓሮዎች ሐበሻ ጎመን ይዘራል። ጎመን በሁለት ወር ይደርሳል፤ ለጊዜው ለሚኖር ሰው ይመቻል። የፖም ችግኝ ግን ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይፈልጋል። እሱን የሚተክል ሰው፣ ቢቆይ እንደሚበላው፣ ቢሄድ ደግሞ ከእሱ በኋላ ወደዚያ ቤት የሚገባ የማያውቀው ሰው እንደሚበላው አስቀድሞ ተቀብሏል።